የብሬል መቀየሪያ ሶፍትዌር ላይ የአንቀጽ ቅርጽ ማስተካከል፦ ባዶ መስመሩ ይጥፋ፣ የመጀመሪያው መስመር ገባ ይበል

መምህርት ከደሴ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ሪሶርስ ሴንተር ውስጥ ነው። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን ወደ ብሬል እቀይራለሁ። ጽሑፉ በዎርድ ይመጣልኛል። ዳክስበሪ በሚባለው የብሬል መቀየሪያ ሶፍትዌር ላይ ከፍቼ ወደ ብሬል እቀይረዋለሁ፤ ከዚያ ኢምቦሰሩ፣ ማለትም የብሬል ማተሚያው ላይ አትማለሁ። ፊደሉ ላይ ችግር የለም፣ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ያስቸገረኝ የአንቀጹ ቅርጽ ነው።

አንዳንዱ አንቀጽ ከላይና ከታች ባዶ መስመር ይዞ ይወጣል። አንዳንዱ አምስት ስድስት ሴል (ሴል አንድ የብሬል ምልክት የሚይዘው ቦታ ነው) ገብቶ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ ከግራ ጠርዝ ስለሚጀምር ከበላዩ ካለው አንቀጽ ጋር ይጣበቃል። ሦስቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አሉ።

ተማሪዎቹ በጣም የሚቸገሩት ምንባብ ላይ ነው። ጥያቄው «በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደራሲው ምን ለማለት ፈልጓል?» ይላል። ሦስተኛው የቱ እንደሆነ በጣታቸው መለየት ካልቻሉ መልሱን ከየት ያመጡታል? የሚያይ ተማሪ ገጹን ገና ሲገልጠው አንቀጾቹን ይለያቸዋል። የእኔ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ሁሉንም ያነባሉ። ፈተና ላይ ሰዓቱ የሚያልቅባቸው እንዲህ ነው።

የምፈልገው ቀላል ነው። የአንቀጽ የመጀመሪያ መስመር ሁሌም በእኩል መጠን ገባ ይበል። በአንቀጾች መካከል ባዶ መስመር አይኑር። ይህን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አስተካክዬ ለመጽሐፉ በሙሉ እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። እስካሁን እያንዳንዱን አንቀጽ በእጄ ነው የማስተካክለው። ወረቀቴ ኤ4 ነው። በመስመር 30 ሴል፣ በገጽ 27 መስመር አድርጌዋለሁ።

ስድስት ነጥብ ጻፈ፦

እህቴ፣ ችግርሽ የሚጀምረው ዳክስበሪ ጋ ሳትደርሺ ነው። ዎርዱን ክፈቺና ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አንድ ላይ ተጫኚ። የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ። ምን እንደምታዪ ከወዲሁ ልንገርሽ። አንዱ ጸሐፊ አንቀጽ ለመለየት ኢንተርን ሁለቴ መትቷል። ሌላው በስፔስ ባር አምስቴ ገፍቶ ጀምሯል። ሦስተኛው ታብ ተጠቅሟል። አራተኛው ሺፍት ይዞ ኢንተር መትቷል።

መጨረሻ ላይ ያልሁት ዋነኛው ነው። ሺፍት ተይዞ የተመታ ኢንተር አዲስ መስመር እንጂ አዲስ አንቀጽ አይደለም። በስክሪን ላይ አንቀጽ ይመስላል። ሶፍትዌሩ ግን ያው አንቀጽ እንደቀጠለ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የቀጣይ መስመር ጠርዝ ላይ፣ ማለትም አንደኛው ሴል ላይ ያስቀምጠዋል። ከበላዩ ጋር የሚጣበቅብሽ አንቀጽ ይኼ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጽዳት ነው። ኮንትሮል ኤች ተጫኚ፣ የመተኪያው ሳጥን ይከፈታል። ሺፍት ኢንተሮቹን ሁሉ በእውነተኛ የአንቀጽ ምልክት ተኪ። ፍለጋው ላይ የ^ ምልክትና ትንሿን ኤል፣ መተኪያው ላይ ^ እና ትንሿን ፒ ነው የምትጽፊው። ግጥም ካለ ግን ተጠንቀቂ፣ ግጥሙን ለብቻው ያዢው። ቀጥሎ ሁለት ተከታታይ የአንቀጽ ምልክትን በአንድ ተኪ፤ የሚተካ የለም እስኪልሽ ድረስ ደጋግሚው። ታቡንም በባዶ ተኪ። ሁለት ስፔስ ያለበትንም እንዲሁ በአንድ። በአንቀጽ መጀመሪያ ላይ የቀረች አንዲት ስፔስ እንዳትኖር ደግሞ ተመልከቺ።

ከዚያ የጽሑፉን አካል መርጠሽ ኮንትሮል ሺፍት ኤን ተጫኚ፣ ኖርማል የሚባለው ስታይል፣ ማለትም ስም የተሰጠው የቅርጽ ቅንብር፣ ይሆናል። ርዕሶቹን ሄዲንግ 1 እና ሄዲንግ 2 አድርጊያቸው። ዳክስበሪ ዎርድን ሲያስገባ የሚከተለው የስታይሉን ስም ነው። ኖርማል የነበረው ፓራ በሚባለው ስታይል ይገባል። ሄዲንግ 1 ደግሞ ኤች1 ይሆናል። የዎርዱ የፊደል መጠንና ቀለም ብሬል ላይ ዋጋ የለውም፤ የስታይሉ ስም ግን ሁሉንም ይወስናል።

አሁን ዳክስበሪ ላይ ነን። አልት ኤፍ3 ስትጫኚ ኮዶቹ ይታያሉ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ፓራ የሚል ካለ ጨርሰሻል ማለት ነው። ፓራ ያልሆነ ከተገኘ አንቀጹ ላይ ቆመሽ ኤፍ8 ተጫኚና የስታይሉን ስም ስጪው። ከዚህ በኋላ የምትነኪው ፓራን ብቻ ነው። ሌይአውት ሜኑ ውስጥ የሰነዱን ስታይሎች የሚያስተካክል ቦታ አለ። ፓራን ክፈቺ። የመጀመሪያው መስመር ከስንተኛው ሴል እንደሚጀምር፣ ቀጣዮቹ ከስንተኛው፣ በፊቱና በኋላው ስንት ባዶ መስመር እንደሚኖር እዚያ ትወስኛለሽ። መጽሐፉ በሙሉ አብሮ ይለወጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ይህን ሁሉ የምታደርጊው ገና ወደ ብሬል ባልተቀየረው የቀለም ጽሑፍ ፋይል ላይ ነው፣ ዲኤክስፒ በሚለው። ኮንትሮል ቲ ብለሽ ከቀየርሽ በኋላ የሚመጣው ዲኤክስቢ ነው። እዚያ ላይ የነካሽው ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። ነገ አንድ ፊደል አርመሽ እንደገና ስትቀይሪው በእጅሽ ያስተካከልሽው ሁሉ ይጠፋል።

የጣት አንባቢ ጻፈ፦

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በብሬል ነው ያነበብኩት። አሁን ሕግ ጨርሻለሁ። አንቀጽን በምን እንደምናገኝ ከአንባቢው ወገን ልናገር።

ሁለት እጅ ነው የምንጠቀመው። ቀኝ እጄ መስመሩን ሲጨርስ ግራ እጄ የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ይዞ ይጠብቃል። አንቀጽ መፈለግ ስፈልግ ደግሞ ቀኝ እጄን አንስቼ በግራው ብቻ ጠርዙን ይዤ ወደ ታች እወርዳለሁ። ጠርዙ ላይ ነጥብ ካለ ቀጣይ መስመር ነው። ጠርዙ ባዶ ሆኖ ጽሑፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ አዲስ አንቀጽ ነው። አንድ ገጽ ላይ ያሉትን አንቀጾች ለመቁጠር ሰከንዶች ናቸው የሚፈጁት።

ይህ የሚሠራው ግን ገባ የሚለው መጠን ሁሌም እኩል ሲሆን ነው። አንዱ ሁለት ሴል፣ ሌላው ስድስት ሴል ከገባ ጣቴ የሚያምነውን ያጣል። ስድስት ሴል የገባውን ሳገኝ ርዕስ ነው ወይስ አንቀጽ ብዬ ቆሜ አነበዋለሁ። ዝርዝር ይሆን እንዴ እያልኩ እጠራጠራለሁ። በየገጹ እንዲህ መቆም ያደክማል። መምህርት፣ ስለ ተማሪዎችሽ ሰዓት ያልሽው እውነት ነው። በብሬል ንባብ ውስጥ ቅርጹ የጽሑፉ አካል ነው። ይህን የሚረዳ አስተማሪ ማግኘት ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈች፦

እኔ አሜሪካ ውስጥ መጻሕፍትን ወደ ብሬል የመቀየር ሥራ ነው የምሠራው። እዚህ የምንከተለው የሰሜን አሜሪካ የብሬል ባለሥልጣን፣ ባና የሚባለው፣ ያወጣውን የቅርጽ መመሪያ ነው። የ2016ቱ እትም ነው የምንጠቀምበት። እዚያ ላይ የተራ አንቀጽ ቅርጽ 3-1 ይባላል። የመጀመሪያው መስመር ከሦስተኛው ሴል ይጀምራል፣ ቀጣዮቹ ከአንደኛው ሴል። በአንቀጾች መካከል ባዶ መስመር የለም። በቀለም መጽሐፉ ላይ አንቀጾቹ በባዶ መስመር ተለይተው ጭራሽ ገባ ሳይሉ ቢታተሙ እንኳ ብሬሉ ላይ 3-1 ናቸው።

ባዶ መስመር ለሌላ ሥራ ይቀመጣል። ከመሐል ርዕስ በፊትና በኋላ፣ ከዝርዝር በፊትና በኋላ፣ የትረካው ትዕይንት ሲለወጥ። ስለዚህ አንባቢው ባዶ መስመር ሲያገኝ አንድ ነገር እንደተለወጠ ያውቃል። በየአንቀጹ ካስገባነው ይህ ትርጉሙ ይጠፋል።

ወረቀቱንም አስቡት። እዚህ የተለመደው ወረቀት 11 በ11.5 ኢንች ሲሆን 40 ሴልና 25 መስመር ይይዛል። አንድ ገጽ ላይ ስድስት አንቀጽ ካለ አምስት ባዶ መስመር ይገባል። የገጹ አንድ አምስተኛ ባዶውን ታተመ ማለት ነው። ሦስት ቅጽ የነበረው መጽሐፍ አራት ሊሆን ይችላል። ያንን ደግሞ ልጁ ነው ተሸክሞ የሚሄደው።

የመጀመሪያ ሳይክል ጻፈ፦

በአክብሮት ልቃወም። እኔ የማስተምረው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ገና ጣታቸው መስመር መያዝ ያልለመደ ልጆች ሁለት ሴል ገባ ማለቱን አይለዩትም። መስመር ይዘላሉ፣ ወይም ያነበቡትን መስመር መልሰው ያነባሉ። ለእነሱ ባዶ መስመር ብክነት አይደለም። እኔ መስመሮቹን ራሳቸውን አራርቄ ነው የማትምላቸው። 3-1 ለሁሉም ሕግ ነው ብለን ከተነሳን ትንንሾቹን እንጎዳለን።

የጣት አንባቢ ጻፈ፦

ወንድሜ ያልከው ለጀማሪ ልክ ነው። የእኔም የመጀመሪያ መጽሐፎች መስመራቸው የተራራቀ ነበር። ግን ለጀማሪው መስመር አራርቀን፣ አንቀጹ ላይም ገባ ማለቱን አብረን ብናስቀምጥለት አይሻልም? እንዲህ ከሆነ 5ኛ ክፍል ሲደርስ የመስመሩ ርቀት ብቻ ነው የሚቀርበት፤ የአንቀጹን ምልክት አስቀድሞ ያውቀዋል።

የመጀመሪያ ሳይክል ጻፈ፦

በዚህ እስማማለሁ። ሁለቱን አብሬ አላሰብኳቸውም ነበር። ለታችኛው ክፍል መስመሩ የተራራቀ፣ አንቀጹም ገባ ያለ አድርጌ አወጣዋለሁ።

ስድስት ነጥብ ጻፈ፦

ለዚህ ነው ስታይልና ቴምፕሌት፣ ማለትም ስታይሎቹን አንድ ላይ የሚይዝ አብነት፣ የሚያስፈልገን። ጽሑፉ አንድ ነው። ለታችኛው ክፍል አንድ ቴምፕሌት፣ ለላይኛው ሌላ ቴምፕሌት ይኖረናል። ያንኑ የጸዳ ዎርድ በሁለቱም ማስገባት ይቻላል። በስፔስ ባር የተገፋ አንቀጽ ግን ለሁለቱም አይሆንም።

ክፍት ኮድ ጻፈ፦

ዳክስበሪ የሚሸጥ ሶፍትዌር ነው፤ ሁሉም ቦታ ላይ አይገኝም። ፈቃዱ የሌላችሁ በነፃውም መሥራት ትችላላችሁ። ሊብሉዊ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር የኢትዮጵያን ፊደል የሚቀይር ሰንጠረዥ አለው፣ ስሙ ኢትዮ-ጂ1 ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ ወይም በብሬል የሚያነብ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ሁሉ ሳታውቁት አብሯችሁ አለ፤ የብሬል ማሳያ (ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ የሚሉበት መሣሪያ) ላይ ፊደሉን የሚያወጣላችሁ እሱ ነው። ሥራውን የጀመረው ጆን ቦየር የሚባል፣ ማየትም መስማትም የማይችል ፕሮግራመር ነው። ይህን ሥራ የምንሠራ ሰዎች ስሙን ልናውቀው ይገባል ብዬ ነው ያነሳሁት።

ሊብሉዊ ራሱ ቃሉን ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ገጽና አንቀጽ አያውቅም። ለዚያ ሊብሉዊዩቲዲኤምኤል የሚባል ጓደኛ አለው። ትእዛዙ ፋይል ቱ ቢአርኤል ይባላል። የአንቀጹ ቅርጽ የሚጻፈው በተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። የቅንብሮቹን ስም እዚህ እንደ አነባበባቸው እጽፋለሁ። ፋይሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ተጣብቀው ነው የሚጻፉት፤ ከስም መሐል የሚጀምር ቃል ሁሉ በትልቁ ፊደል ይጀምራል።

መጀመሪያ ገጹ፦ ሴልስ ፐር ላይን 30፣ ላይንስ ፐር ፔጅ 27። ምንም ካልጻፋችሁ 40 እና 25 ነው የሚወስደው። ሊተራሪ ቴክስት ቴብል በሚለው ላይ የኢትዮ-ጂ1ን ሰንጠረዥ ስም ትሰጡታላችሁ።

ከዚያ አንቀጹ፦ ስታይል ፓራ ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ከሥሩ ፈርስት ላይን ኢንደንት 2፣ ላይንስ ቢፎር 0፣ ላይንስ አፍተር 0። በቃ፣ የመምህርት ጥያቄ በአራት መስመር ተመለሰ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። እህታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ 3-1 ብላለች። እሷ የምትቆጥረው የሴሉን ተራ ቁጥር ነው፣ ማለትም ሦስተኛው ሴል። ይህ ፋይል የሚቆጥረው ግን የሚዘለሉትን ሴሎች ብዛት ነው። ሦስተኛው ላይ ለመጀመር ሁለት ነው የሚዘለለው። 3 ብላችሁ ከጻፋችሁ አራተኛው ሴል ላይ ይጀምራል። 1-3 የሚባለውን፣ መጀመሪያው ከጠርዝ ቀጣዩ ከሦስተኛው ሴል የሚጀምረውን፣ ስትፈልጉ ደግሞ ሌፍት ማርጂን 2 እና ፈርስት ላይን ኢንደንት -2 ትጽፋላችሁ። የግራው ጠርዝ ለሁሉም በሁለት ይገባል፤ የመጀመሪያው መስመር በሁለት ወደ ኋላ ይመለሳል። በየትኛውም ሶፍትዌር አዲስ ስትጀምሩ አንድ አጭር አንቀጽ አትማችሁ በጣት ቁጠሩት። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው ተራውን ይሁን የሚዘለለውን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) የማትወዱ ሳኦ ማይ ብሬልን ሞክሩ። ቬትናም ያለው የሳኦ ማይ የዓይነ ስውራን ማዕከል የሠራው ነው። በነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ሊብሉዊን ነው የሚጠቀመው። በስክሪን ሪደር ለሚሠራ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ብሬልብላስተርም ነፃ ነው፤ ግን የተገነባው በአሜሪካው የቅርጽ መመሪያ ዙሪያ ነው። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ለምትሠሩ ይጠቅማል።

መምህርት ከደሴ ጻፈች፦

ጋሼ ስድስት ነጥብ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዎርዱን እንዳሉኝ አጸዳሁት። ሺፍት ኢንተሩ ነው የፈጀኝ፣ መጽሐፉን በሙሉ ሞልቶታል። አሁን ምንባቡ 3-1 ሆኖ ወጥቷል። ለሁለት ተማሪዎቼ ሰጥቻቸው «አራተኛውን አንቀጽ አሳዩኝ» ስላቸው ወዲያው ጣታቸውን አስቀመጡበት። ደስታዬን መናገር አልችልም።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች። ሁሉም ፓራ ስለሆኑ ጥያቄውም ምርጫውም አንድ ዓይነት ገብተው ነው የሚጀምሩት። ሁለተኛው ግጥም ነው። ስንኙ ከመስመሩ ሲያልፍ ትርፉ አዲስ ስንኝ እየመሰለ ቤት መድፊያው ይጠፋባቸዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈች፦

ለጥያቄና ለምርጫ የምንጠቀመው ይኼ ነው። ጥያቄው 1-5፣ ምርጫው 3-5። ጥያቄው ከጠርዝ ይጀምራል፣ ምርጫው ከሦስተኛው ሴል። ከመስመር ያለፈ ነገር ሁሉ፣ የጥያቄውም የምርጫውም፣ አምስተኛው ሴል ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ግራ እጁ በጠርዙ ሲወርድ የጥያቄ ቁጥሮቹን ብቻ ያገኛል። ሦስተኛው ሴል ላይ ሲወርድ ምርጫዎቹን ያገኛል። ትርፉ ከሁለቱም ጋር አይምታታም። ሁለት አዲስ ስታይል ፍጠሪና ጥያቄ፣ ምርጫ ብለሽ ሰይሚያቸው።

ግጥም ደግሞ 1-3 ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ከጠርዝ ይጀምራል፣ ያላለቀው ሦስተኛው ሴል ላይ ይወርዳል። ግጥሙ አርኬ አርኬ ከተከፈለ በመካከላቸው አንድ ባዶ መስመር። ጠርዙ ላይ ያለ ሁሉ የስንኝ መጀመሪያ ነው፤ ልጁ የስንኞቹን መጨረሻ ሰምቶ ቤቱን ያገኘዋል።

ስድስት ነጥብ ጻፈ፦

በዚህ ላይ የአማርኛውን ጠባይ ልጨምር፤ እህታችን የምትሠራው እንግሊዝኛ ነውና። የእኛ ብሬል አንዱን ፊደል በሁለት ሴል ነው የሚጽፈው፣ መጀመሪያ ተነባቢውን ቀጥሎ አናባቢውን። ሳድስ ብቻ ነው በአንድ ሴል የሚያልቀው። ሰላም ሦስት ፊደል ነው፣ ብሬሉ አምስት ሴል ይወስዳል። ተማሪዎቻቸው ሰባት ፊደል ነው፣ ብሬሉ 13 ሴል ነው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። እንዲህ ያሉ ሁለት ቃላት ከመካከላቸው ካለው ክፍተት ጋር 27 ሴል ይሆናሉ። መምህርት መስመርሽ 30 ነው። አንቀጹ በሁለት ሴል ገብቶ ሲጀምር 28 ይቀራል፣ ሁለቱም ቃላት ይገባሉ። ያ የድሮው አምስት ሴል ቢሆን 25 ነው የሚቀረው። ሁለተኛው ቃል ወደ ታች ይወርድና የመስመሩ ግማሽ ባዶ ይቀራል። ሁለት ሴል ለእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያስፈልገናል ማለት ነው።

ምርጫው ላይ ደግሞ ትርፉ አምስተኛው ሴል ላይ ሲወርድ 26 ሴል ብቻ ይቀራል። ረጅም ቃላት ካሉ በመስመር አንድ አንድ ቃል ሊሆን ነው። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። የፈተና ጥያቄ ላይ 1-5ን እና 3-5ን ያዢ፤ ወረቀት ይፍጅ፣ ምርጫው መለየት አለበት። ተራ ዝርዝር ላይ ግን፣ ንዑስ ዝርዝር ከሌለው፣ 1-3 ይበቃል። ሰፊው ወረቀት ካላችሁና 40 ሴል ማተም ከቻላችሁ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀልላል። ፐርኪንስ በሚባለው የብሬል መጻፊያ መኪና ላይም በመስመር 42 ሴል ነው ያለው፤ ልጆቹ ሰፊውን መስመር ያውቁታል።

አዲስ ገቢ ጻፈ፦

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። የእኔ ፋይል የቆየ ነው፤ ስታይሉን አስተካክዬ ስቀይረው ሙሉ በሙሉ ትርጉም የሌለው ፊደል ይወጣል። ሌላው ፋይሌ ደግሞ ፊደሉ ደህና ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሌላ ምልክት ይመጣል። ምን ይሆን?

ክፍት ኮድ ጻፈ፦

የመጀመሪያው ፋይል በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የተጻፈ አይደለም። የድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች፣ እንደ ድሮው ፓወር ግእዝ ያሉት፣ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛን ምስል ነበር የሚያስቀምጡት። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለሶፍትዌሩ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለብህ። ፎንቱን ብቻ መለወጥ አይበቃም።

ሁለተኛው ፋይል ላይ አራት ነጥቡን ያዝና አንድ በአንድ በቀስት ሂድበት። ሁለት ጊዜ ካስቆመህ ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ መትቶ ነው አራት ነጥብ ያስመሰለው። አማርኛ ጽሑፍ ላይ በብዛት አለ። በመተኪያው ሳጥን በእውነተኛው ። ተካው። በቃላት መካከል የድሮውን ሁለት ነጥብ ፡ የተጠቀመ ጽሑፍ ካለህም በክፍተት ተካ። መስመር የሚታጠፈው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተት የሌለው አንቀጽ ለሶፍትዌሩ አንድ ረጅም ቃል ሊሆንበት ይችላል።

የጣት አንባቢ ጻፈ፦

ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ከወረቀት ሌላ ፋይልም ለምትሰጡ ሰዎች ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ቢአርኤፍ ፋይል (ለህትመት የተዘጋጀ የብሬል ፋይል) እየተሰጠኝ በ20 ሴል ማሳያ ነበር የማነበው። መስመሩ በ30 ወይም በ40 ሴል የተቆረጠ ስለሆነ አንዱ መስመር ሞልቶ የሚቀጥለው ግማሽ ሆኖ ይመጣል። አንቀጹም የት እንደጀመረ ለማወቅ ያስቸግራል። አንድ የማሳያ መስመር ብቻ ስላለኝ ጠርዙን ይዞ መውረድ የለም። የማውቀው በሁለቱ ባዶ ሴሎች ብቻ ነው። እነሱ ከሌሉ አንቀጽ የለም።

ክፍት ኮድ ጻፈ፦

ቢአርኤፍ ውስጥ አንቀጽ የሚባል ነገር የለም፤ የተቆረጡ መስመሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዋናውን ፋይል፣ ዎርዱን ወይም ዲኤክስፒውን፣ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ለማሳያ የሚሆነውን ቅጂ በ20 ሴል እንደገና አውጡለት። ስታይሉ ከተስተካከለ ሥራው የመስመሩን ስፋት ለውጦ እንደገና መቀየር ብቻ ነው። በፋይል ቱ ቢአርኤል ደግሞ ፋይሉን እንኳ ሳትነኩ በትእዛዙ ላይ ትልቁን ሲ ተጠቅማችሁ ሴልስ ፐር ላይን 20 ትሉታላችሁ።

ኢብሬል የሚባል አዲስ የፋይል ዓይነትም እየመጣ ነው፣ ዴይዚ ኮንሶርሺየም በሚባለው ድርጅት ሥር የተዘጋጀ። የተሠራው ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዓይነት ላይ ነው። አንቀጹን አንቀጽ፣ ርዕሱን ርዕስ አድርጎ ይይዛል፤ መስመሩን የሚቆርጠው አንባቢው የያዘው መሣሪያ ነው። ዛሬ በስታይል የጸዳ ፋይል ያለው ሰው ያን ጊዜ መጽሐፉን እንደ አዲስ አይጀምርም።

መምህርት ከደሴ ጻፈች፦

ቴምፕሌቱን ጨርሻለሁ። ፓራ 3-1፣ ግጥም 1-3፣ ጥያቄ 1-5፣ ምርጫ 3-5፣ ዝርዝር 1-3። በስፔስ የተገፋ አንቀጽ አንድም የለም። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አንዳንድ ርዕስ የገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ ብቻውን ይቀራል፣ አንቀጹ ግን በሚቀጥለው ገጽ ይጀምራል። ገጽ ቁረጥ ብዬ በእጄ አስገብቼ ነበር። አንድ ቃል ሲታረም ግን ሁሉም ተዛባብኝ።

ስድስት ነጥብ ጻፈ፦

በእጅ ያስገባሻቸውን የገጽ መቁረጫዎች ሁሉ አጥፊያቸው። ይህም የስታይል ሥራ ነው። ኤች1ንና ኤች2ን ክፈቺና ርዕሱ ከሚቀጥለው ጽሑፍ ጋር አብሮ እንዲቆይ የሚያደርገውን ምርጫ አብሪ። ርዕሱን ተከትሎ ቢያንስ አንድ የአንቀጽ መስመር በዚያው ገጽ ላይ የማይገባ ከሆነ ርዕሱ ራሱ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ከዚያ ቴምፕሌቱን አስቀምጪና ለባልደረቦችሽም ስጪያቸው። የ7ኛውን መጽሐፍ በእሱ ስታስገቢ ምርጫ ያላቸው ገጾች ላይ የሚያስቸግርሽ ካለ እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።